ለሞተር ሳይክል የትኛው የነዳጅ አዲቲቭ ይጠቅማል?

የማለዳ ጋላቢ
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ሞተሬ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ነው፣ 150 ሲሲ። ለወራት ሳይነዳ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ማስነሳቱ ፈተና ሆኗል። ከተነሳም በኋላ ሚኒሞ ላይ አይቆምም፤ እጄን ከጋዙ ላይ ሳነሳ ይጠፋል። ጋዝ ሲሰጠው ግን እንደ ድሮው ይሄዳል።

መለዋወጫ የሚሸጥበት ስገባ መደርደሪያው ቤንዚን ውስጥ በሚጨመር የአዲቲቭ ጠርሙስ ተሞልቷል። አንዱ «ያጸዳል» ይላል። አንዱ «ኦክቴን ይጨምራል»። ሌላው «ውሃ ያስወግዳል»። ሁሉንም ብቻዬን እሠራለሁ የሚልም አለ። በእውነት የሚጠቅመው የትኛው ነው? የወንድሜ ሞተር ደግሞ ባለ ኢንጀክተር (ነዳጁን የሚረጭ) ነው፣ እሱም ሊገዛ አስቧል። ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ይሆናል?

ቀጥተኛው
ባጭሩ ልንገርህ፣ አንዱንም አትግዛ። ንጹሕ ቤንዚን ቅዳ፣ ዘይትህን በሰዓቱ ቀይር፣ በቃ። የእኔ ሞተር ጠርሙስ የሚባል ነገር ቀምሶ አያውቅም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።

ጂግለር ፈቺ
ቀጥተኛው፣ ሞተርህ ሁልጊዜ የሚነዳ ከሆነ እውነትህን ነው። የቆመ ሞተር ግን ሌላ ጣጣ አለው።

የማለዳ ጋላቢ፣ ጠርሙስ ከመምረጥህ በፊት ምልክቱን ተመልከት። «ሚኒሞ ላይ ይጠፋል፣ ጋዝ ሲሰጠው ይሄዳል» ስትል ችግሩ የት እንዳለ ራስህ ተናግረሃል። አብዛኛው ካርቡሬተር ውስጥ ሁለት ጂግለር፣ ማለትም ነዳጅ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የነሐስ ዕቃ፣ አለ። ትልቁ ጋዝ ስትሰጥ የሚሠራው ነው። ትንሹ ለማስነሻና ለሚኒሞ ነዳጅ የሚያቀብለው ነው። የትንሹ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ይጠባል። ሞተር ሲቆም በካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ቀስ እያለ ይተናል። ቀላሉ ክፍል ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል። የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሃደ መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቆይቶ ደርቆ ቡናማ ቫርኒሽ ይሆናል። ቀድሞ የሚደፈነው ያው ትንሹ ቀዳዳ ነው።

አሁን ልብ በል። አዲቲቭ የሚያጸዳው የሚደርስበትን ቦታ ብቻ ነው። የሚደርሰው ደግሞ ከነዳጁ ጋር እየፈሰሰ ነው። ቀዳዳው ጭራሽ ከተደፈነ ነዳጅ አያልፍበትም፤ ነዳጅ ካላለፈ ማጽጃውም አያልፍም። በከፊል ብቻ ጠብቦ ከሆነ ግን ተስፋ አለ። ማጽጃ የተቀላቀለ ነዳጅ ካርቡሬተሩ ውስጥ እስኪገባ ሞተሩን አሠራው፣ አጥፍተህ አሳድረው፣ በማግስቱ ረዘም አድርገህ ንዳው። አንድ ታንከር ሞክር። ለውጥ ካላየህ ሁለተኛ ጠርሙስ እንዳትገዛ። ካርቡሬተሩ መፈታት አለበት ማለት ነው።

ሲፈታ ትንሹን ጂግለር በሁለት ጣትህ ይዘህ ወደ ብርሃን አንሳው። በቀዳዳው ውስጥ ክብ፣ ጥርት ያለች የብርሃን ነጥብ መታየት አለባት። ዙሪያዋ የተሸረፈ ከመሰለህ ቆሻሻ አለ። ጭራሽ ካልታየችህ ተደፍኗል። በካርቡሬተር ማጽጃ ነክረህ ቆይ፣ ከዚያ በአየር ንፋው። መርፌ ወይም የብረት ሽቦ አታስገባበት። ነሐሱ ለስላሳ ነው። ቀዳዳው ለጥቂት እንኳ ከሰፋ የነዳጁ መጠን ይዛባል፣ ከዚያ ጂግለሩን ከመቀየር ሌላ መላ አይኖርህም።

ቤተ ሙከራ
ጂግለር ፈቺ እጅህ ይባረክ። እኔ ደግሞ የኬሚስትሪ ባለሙያ ነኝ፣ ስለ ጠርሙሱ ይዘት ልጨምር።

የጠርሙሱን ፊት ሳይሆን ጀርባውን አንብቡ። «ማጽጃ» ተብለው ከሚሸጡት መካከል ጭራሽ የማይመሳሰሉ ነገሮች አሉ። አንዳንዱ አብዛኛው ክፍሉ ከነጭ ጋዝ ጋር የሚቀራረብ ፈሳሽ ነው። ትኩስ የሆነ ሙጫ መሳይ ነገር ያላላ ይሆናል፣ ሙቀት የጋገረውን ካርቦን ግን አይነቀንቀውም። ለዚህኛው በደንብ የታወቀው ንጥረ ነገር ፖሊኤተርአሚን ነው፣ በአጭሩ ፒኢኤ ይባላል። ትልቁ ጥቅሙ ሙቀት መቻሉ ነው። ኢንጀክተር አፍ ላይ፣ የማስገቢያ ቫልቭ ጀርባ ላይ፣ ፒስቶን አናት ላይ የተጋገረውን እያላቀቀ እንዲቃጠል ያደርጋል። ራሱም ተቃጥሎ ይሄዳል። ሸቭሮን ቴክሮን ብሎ የሚሸጠው በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው፣ ሌሎች ኩባንያዎችም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ስም አትከተሉ፣ ይዘት ፈልጉ። ጠርሙሱ ላይ ካልተጻፈ አምራቹ የሚያወጣውን የደህንነት መረጃ ወረቀት ፈልጋችሁ እዩ። ዋና ዋናዎቹ ይዘቶች ብዙ ጊዜ እዚያ በመቶኛ ይሰፍራሉ።

የወንድምህ ሞተር ኢንጀክተር ከሆነ ፒኢኤ ያለበት ይበቃዋል። የሞተር ሳይክል ኢንጀክተር ነዳጁን ከቫልቩ በፊት ስለሚረጭ ማጽጃው ቫልቩንም እያጠበ ያልፋል። ላንተ ግን ጂግለር ፈቺ እንዳለው ነው፤ ፒኢኤም ቢሆን የተዘጋ በር አይከፍትም።

ሌላው፣ ቤንዚኑ ራሱ ማጽጃ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አሜሪካ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤንዚን ውስጥ ማጽጃ እንዲኖር በሕግ ደነገገች። በ2004 ደግሞ ቢኤምደብሊው፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ ሕጉ ያስቀመጠው መጠን አይበቃም ብለው ቶፕ ቲየር የሚባል ከፍ ያለ መስፈርት አወጡ። በደንብ የተዘጋጀ ቤንዚን የሚቀዳ ሰው ጠርሙስ ብዙም የማያስፈልገው ለዚህ ነው። የቀጥተኛው ሞተር ያለ ጠርሙስ ደህና መሆኑ አይገርምም።

ቀጥተኛው
እህቴ፣ ይህን የመሰለ ማብራሪያ ነው የምፈልገው። አንድ ጥያቄ አለኝ። ፒኢኤ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን በየታንከሩ አይጨመርም?

ቤተ ሙከራ
በጣም ተገቢ ጥያቄ። ማጽጃው ሁሉ ተቃጥሎ አያልቅም። ጥቂቱ ከነዳጁ ጋር በፒስቶን ቀለበቶች በኩል አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። በየታንከሩ ብዙ ብዙ ከጨመርክ እዚያ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ጥሩው ልማድ የዘይት መቀየሪያ ሲቃረብ አንድ ታንከር በማጽጃ መንዳት፣ ከዚያ ዘይቱን መቀየር ነው። የላላው ቆሻሻ ከአሮጌው ዘይት ጋር ይወጣል። ንጹሕ ሞተር ደግሞ በየታንከሩ ቢጨመርለት ከንጹሕ በላይ አይሆንም፤ ገንዘቡ ነው የሚቃጠለው።

የማለዳ ጋላቢ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጠኑ ግን ግራ አጋባኝ። ጠርሙሱ ላይ «ሙሉውን ታንከር ውስጥ ጨምር» ነው የሚለው። የእኔ ታንከር 12 ሊትር ብቻ ነው።

ሲሪንጅ
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ጠርሙስ የተዘጋጀው ለመኪና ነው። ስንት ሊትር ነዳጅ እንደሚያክም ፈልግ። ለምሳሌ 300 ሚሊ ሊትሩ ለ60 ሊትር ነው ካለ፣ ለአንድ ሊትር 5 ሚሊ ሊትር ደረሰ ማለት ነው። ለ12 ሊትር 60 ሚሊ ሊትር ይበቃሃል። ሙሉውን ብትገለብጠው አምስት እጥፍ ሰጠኸው።

እኔ የምጠቀመው መርፌ የሌለው ትልቅ የሐኪም ሲሪንጅ ነው። በክዳን መለካት፣ በግምት ማንቆርቆር አያስፈልግም። ነዳጁ ወደ ማለቂያው ሲደርስ መጀመሪያ አዲቲቩን ታንከሩ ውስጥ ጨምር፣ ከዚያ ቤንዚኑን ከላይ ቅዳበት። የሚቀዳው ነዳጅ ራሱ ያቀላቅለዋል። ታንከሩ አፍ ዙሪያ ጨርቅ አድርግ፣ ማጽጃ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ያበላሻል። ከዚያ ረዘም ያለ መንገድ ንዳው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ አጭር አጭር መመላለስ ለማጽጃው ጊዜ አይሰጠውም።

ሙሉ ጋዝ
ስለ ማጽጃ ብዙ ተባለ፣ ኦክቴን ቡስተርን ግን ማንም አላነሳውም። እኔ ስጨምር ሞተሬ ጉልበት ያገኘ ይመስለኛል። እንደ እኔ እሱን ግዛ።

ጂግለር ፈቺ
ወንድሜ ሙሉ ጋዝ፣ በቅንነት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሞተርህ ሳትጨምር ያንኳኳል? ዳገት ላይ፣ በከፍተኛ ማርሽ ጋዝ ስትሰጠው ቅል ቅል የሚል የብረት ድምፅ ትሰማለህ?

ሙሉ ጋዝ
የለም፣ ድምፅ የለውም።

ጂግለር ፈቺ
እንግዲያው ኦክቴኑ በቂ ነው። ኦክቴን ማለት የነዳጁ ጉልበት አይደለም። ነዳጁ ያለ ጊዜው፣ በግፊትና በሙቀት ብቻ ከመፈንዳት ምን ያህል እንደሚታገሥ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሞተሩ ካላንኳኳ ትዕግሥቱን መጨመር የሚያመጣለት ነገር የለም። ማንኳኳትን በሴንሰር እየሰሙ ማቀጣጠያ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉ አንዳንድ ትልልቅ ሞተሮች ከፍ ባለ ኦክቴን ጥቂት ሊያገኙ ይችላሉ። ለተራው ሞተር ግን ማኑዋሉ ላይ ያለው ቁጥር በቂ ነው።

ቁጥሩን ስታነብ ደግሞ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ እይ። ሮን በሚባለው መለኪያ 91 እና በአሜሪካ ማደያ የሚጻፈው 87 ተቀራራቢ ነዳጅ ናቸው። መለኪያው ነው የሚለየው። ጠርሙሱ ላይ ያለውም ቁጥር እንዲሁ ነው። «5 ነጥብ ይጨምራል» ሲል ብዙ ጊዜ አንድ ነጥብ ማለት የኦክቴን አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ 91 ወደ 91.5 ነው የሚሄደው፣ ወደ 96 አይደለም።

ቤተ ሙከራ
የሚያሳስበኝ የቡስተሩ ይዘት ነው። አንዳንዱ የማንጋኒዝ ውሕድ አለበት፣ አንዳንዱ ፌሮሲን የሚባል የብረት ውሕድ። ኦክቴን ይጨምራሉ፣ እውነት ነው። ግን ብረታ ብረት ተቃጥሎ አይጠፋም፣ ኦክሳይድ ሆኖ ይቀራል። ካንዴላ ላይ ይቀመጣል፣ ኦክሲጅን ሴንሰርና ጭስ የሚያጣራው ካታላይዘር ላይም ይደርሳል። ካንዴላህን ፍታና ነጩን ሸክላ እየው። ወደ ቀይ ወይም ብርቱካንማ የሚያደላ ሽፋን ካለበት ከቡስተሩ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሽፋኑ ሲወፍር ኤሌክትሪክ በእሱ ላይ ያመልጣል፣ ብልጭታው ይደክማል።

ብረታ ብረት ነዳጅ ውስጥ መጨመር አዲስ ነገር አይደለም። ቶማስ ሚጅሊ በጄኔራል ሞተርስ ሲሠራ በ1921 እ.ኤ.አ. የሊድ (የእርሳስ ብረት) ውሕድ ማንኳኳትን እንደሚያስቆም አገኘ። ከዚያ በኋላ የዓለም ቤንዚን በሊድ ተሞላ። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ከመኪና ቤንዚን በመላው ዓለም የጠፋው በ2021 ነው፣ የመጨረሻዋ ያቆመችው አልጄሪያ ናት። መቶ ዓመት ፈጀ። ስለዚህ «ይሠራል» የሚለው ብቻውን በቂ አይደለም። ተቃጥሎ ሲያልቅ ምን ትቶ ይሄዳል ብላችሁ ጠይቁ።

አሮጌ ሞተር ያላችሁ፣ በሊድ ዘመን የተሠራና የቫልቭ መቀመጫው ለስላሳ የሆነ ከሆነ፣ ለእሱ ተብሎ የሚሸጥ የሊድ ምትክ አለ። እሱ ትክክለኛ ቦታው ነው። ለዘመኑ ሞተር ግን አያስፈልግም።

ሙሉ ጋዝ
ካንዴላውን አሁን ፈትቼ አየሁት። ቀላ ያለ ነው። አቆማለሁ። እናመሰግናለን።

ባለ ሙያ ጎረቤት
እኛ ሰፈር የሚመከረው ነጭ ጋዝ ጠብ ማድረግ ነው፣ ያጸዳል ይላሉ። አሴቶን የሚጨምርም አለ። የልብስ ብል መከላከያ ኳስ የሚከትም አይቻለሁ። ምን ትላላችሁ?

ቤተ ሙከራ
ሦስቱንም ተዉ። ነጭ ጋዝ የቤንዚኑን ኦክቴን ያወርዳል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ጥላሸቱም ይጨምራል። አሴቶን ጎማና ፕላስቲክ ይበላል፤ ታንከሩ ሥር ያለው ጎማ፣ የካርቡሬተሩ ተንሳፋፊ፣ የነዳጅ ቱቦው ሁሉ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ኳሱ ድሮ ከናፍታሊን ነበር የሚሠራው። ሲቀዘቅዝ ጠጣር ሆኖ ይመለሳል፣ ማጣሪያና ጂግለር ይደፍናል። ዛሬ ብዙው ኳስ ክሎሪን ካለው ሌላ ኬሚካል ነው የሚሠራው፤ እሱ ሲቃጠል አሲድ ይፈጥራል።

የማለዳ ጋላቢ
ውጤቱን ልንገራችሁ። ማጽጃውን በመጠኑ ሞክሬ ትንሽ እንኳ ስላልተሻለው ካርቡሬተሩ ተፈታ። ትንሹ ጂግለር ድፍን ብሎ ነበር። ሲጸዳ ሚኒሞው ተመለሰ። ወንድሜ ፒኢኤ ያለበትን ተጠቅሞ ዘይቱን ቀይሯል፣ አነሳሱ ለስለስ ብሏል ይላል።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ ታንከሩ ነው። ከቆመበት ጊዜ የተረፈው ነዳጅ ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆን? ውሃ የሚያስወግደውን ልጨምር?

ዝናብ በዝናብ
መጀመሪያ እየው እንጂ ዝም ብለህ አትጨምር። አፉ ሰፊ የሆነ ንጹሕ የመስታወት ብልቃጥ አዘጋጅ። የነዳጁን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ነቅለህ ጥቂት ቤንዚን ወደ ብልቃጡ አውርድ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ አየር በሚገባበት ቦታ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ይሁን። ደልዳላ ቦታ ላይ አስቀምጠህ ጥቂት ታገሥ። ውሃ ካለ ከታች ይተኛል፣ ከቤንዚኑ የሚለየው መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብልቃጡን ስታዘነብል ታችኛው ንብርብር ለብቻው እየተንሸራተተ ይሄዳል። ዝገት ካለ እሱም እንደ ቡናማ ዱቄት ታች ይቀመጣል።

ጠብታ ጠብታ ከሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ያለበት የውሃ ማስወገጃ ይረዳል። አልኮሉ ውሃውን ከቤንዚኑ ጋር አዋህዶ በቃጠሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ጣት የሚያህል ውሃ ካየህ ግን አልኮል አትጨምር። አፍስሰው፣ ታንከሩን አጽዳ።

ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ከሆነ ደግሞ ጠንቀቅ በል። ኤታኖል ውሃ ይስባል። 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ነዳጅ ግማሽ በመቶ ገደማ ውሃ ይችላል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሚችለው ይቀንሳል። ከዚያ ካለፈ ኤታኖሉና ውሃው ተያይዘው ታች ይወርዳሉ። ከላይ የሚቀረው ቤንዚን ኤታኖሉን ስላጣ ኦክቴኑ ይወርዳል። ሞተሩ ደግሞ የሚጠጣው ከታች ነው። አንዴ ከተለያየ የሚያስታርቀው ጠርሙስ የለም፣ ይደፋል። ይደፋል ሲባል ግን መሬት ላይ ወይም ቦይ ውስጥ አይደለም። ክዳን ባለው የነዳጅ ዕቃ አጠራቅመህ ያረጀ ዘይትና ነዳጅ ለሚሰበስብ ስጥ።

ባለ ሁለቱ
እኔ ባለ ሁለት ስትሮክ ነው የምነዳው። የተባለው ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

ጂግለር ፈቺ
አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ያንተ ሞተር ቤንዚን ውስጥ የሚገባው ዘይት አዲቲቭ ሳይሆን ሕይወቱ ነው። 1 ለ 50 ከተባለ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ነው። ሌላ ማጽጃ ስትጨምር ያን መጠን አትንካው።

ባለ አራት ስትሮክ የሆናችሁ ደግሞ ይህን አይታችሁ የሞተር ዘይት ታንከር ውስጥ እንዳትጨምሩ። ጥላሸት ነው የሚያተርፍላችሁ። የነዳጅ አዲቲቭን ከዘይት አዲቲቭ ጋር አታምታቱ። የአብዛኛው ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው የሚነከረው። ሰበቃ የሚቀንስ የዘይት አዲቲቭ ብትጨምሩ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ዘይት ስትገዙ ጃሶ ኤምኤ የሚለውን እዩ፣ እሱ እርጥብ ፍሪሲዮን ላለው የተፈተነ ነው።

የማለዳ ጋላቢ
የመጨረሻ ጥያቄ። በቅርቡ እንደገና ለጥቂት ወራት ሊቆም ነው። ያው ጣጣ እንዳይደገም ምን ልጨምር?

ሲሪንጅ
ማቆያ፣ ስታቢላይዘር የሚባለውን። ስታ-ቢል በስም የታወቀው ነው፣ ሌሎችም አሉ። ነዳጁ ከአየር ጋር እንዳይዋሃድ ያዘገያል። የሚሠራው ግን ትኩስ ነዳጅ ላይ ነው። ያረጀውን ወደ ትኩስ አይመልስም። ስለዚህ ቤንዚን ከቀዳህ በኋላ ሳይሆን እየቀዳህ ጨምረው።

ጂግለር ፈቺ
ልክ ነው። ታንከርህ ብረት ከሆነ አፉ ድረስ ማለት ይቻላል ሙላው፣ ነዳጁ ሲሞቅ ለሚያብጥበት ጥቂት ቦታ ብቻ ተው። ባዶው ቦታ ካነሰ ውስጡ ጤዛ የሚሠራበት አየርም ያንሳል። ማቆያውን ከጨመርክ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል አሠራው፣ ማቆያ ያለበት ነዳጅ እስከ ጂግለሩ ይድረስ። ለወንድምህ ባለ ኢንጀክተር ሞተር ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል።

ያንተ አንድ ይቀረዋል። የነዳጁን መዝጊያ ዝጋ። የካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ሥር ትንሽ ብሎን አለች፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከሥሯ ብልቃጥ አድርገህ ላላ አድርጋት፣ ያለው ሁሉ ይውረድ፣ መልሰህ አጥብቃት። አጥብቀህ አትጨክንባት፣ ክሯ በቀላሉ ይበላል። ስትመለስ መዝጊያውን ከፍተህ ጎድጓዳው እስኪሞላ ትንሽ ጠብቅና አስነሳው።